የሩቲ የልምምድ ጦርነቶች

ሩቲ ላይ አርፎ መቀመጥ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ተወልዳ ያደገችበት የካዛንቺስ ሰፈር ፈርሶ፣ ከእናቷ ጋር ቂርቆስ ሁለት ክፍል ቤት ከተከራዩ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ባሰባት። ኡራኤል አካባቢ በምትሠራበት የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ እግሯ ጠረጴዛ ሥር ሲርገበገብ ይውላል። አጠገቧ የምትቀመጠው ሊዲያ፣ "አንቺ፣ የኔንም ኮምፒውተር እኮ እያንቀጠቀጥሽው ነው" ማለት ከሰለቻት ቆይቷል።

እንዲህ ያለችው ልጅ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከሰዓት ከሥራ እያስፈቀደች አንድ ወንበር ላይ መዋል ግዴታዋ ሆነ። እናቷ መምህርት ሀብትነሽ ኩላሊታቸው ደክሞ ዲያሊሲስ ጀምረዋል። ክንዳቸው ላይ መርፌ ተሰክቶ ደማቸው በማሽኑ ታጥቦ እስኪመለስ ድረስ አይንቀሳቀሱም። ሩቲ አጠገባቸው ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ መስኮቱ ጋ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። አንድ ቀን እናትየዋ መረራቸው።

"ወይ ተቀመጪ፣ ወይ አውሪኝ!"

"ምን ላውራሽ እማዬ?"

"ከሥራ ስትወጪ የምትሮጪበትን ጌም ቤት አውሪኝ። ምንድን ነው እዚያ የምትሠሩት?"

ሩቲ የልምምድ ጨዋታዎቿን መተረክ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው።

ጨዋታው የኒውክሌር ጦርነት ነው። ቡድኖች የዓለምን ካርታ ተከፋፍለው እያንዳንዱ አንድ አህጉር ይይዛል፤ ራዳር ይተክላል፣ ሰርጓጅ መርከቦቹን ባሕር ውስጥ ይደብቃል፣ የሚሳይል ጣቢያውን ያዘጋጃል። ከተሞቹ ትናንሽ ነጭ ነጥቦች ናቸው። ሁሉም ነዶ ሲያበቃ ብዙ ሕዝብ የተረፈለት አሸናፊ ይባላል። ታዲያ አንድ የሚሳይል ጣቢያ ወይ ይተኩሳል ወይ ይከላከላል እንጂ ሁለቱን ባንዴ አይችልም። ቀድሞ የተኮሰ ራቁቱን ይቀራል ማለት ነው። ቀድማ የምትተኩሰው ደግሞ ምንጊዜም ሩቲ ነበረች።

"ለምን አትጠብቂም?" አሉ እናቷ።

"ያስጨንቀኛላ! ስክሪኑ ጭር ሲል፣ ማለቴ፣ ሁሉም ተደብቆ ሲጠባበቅ ጣቴን ይበላኛል። ደጋጋ ይጮህብኛል፤ ዋቅቶላ ደግሞ አይጮህም፣ ዝም ብሎ ያየኛል። እሱ ነው የሚብሰው።"

ደጋጋና ዋቅቶላ የቡድን ጓደኞቿ ናቸው። ሦስቱ የሚለማመዱት ከናይሮቢ ቡድን ጋር በኢንተርኔት ለሚገጥሙት ውድድር ነበር።

ዕድሜ ልካቸውን ልጆችን ፊደል ያስቆጠሩት መምህርት ሀብትነሽ፣ ዝንብ መግደል የሚከብዳቸው ሴት፣ ቀስ በቀስ የጦር አዛዥ ሆኑ። ሩቲ ገና ከበር ስትገባ "ትናንት ማን ተኮሰ?" ይላሉ። "ሰርጓጆቹን ወደ ደቡብ አሽሺያቸው ብዬሽ አልነበር?" ብለው ይቆጣሉ። ከጎናቸው አልጋ ላይ ደማቸውን የሚያሳጥቡት ጋሽ ገብረሕይወት ሬዲዮናቸውን ዘግተው ማዳመጥ ጀመሩ። ነርሷ ሲስተር ራቢያ እንኳ የደም ግፊት ለመለካት ስትመጣ "ሞስኮ ተረፈች?" ብላ ትጠይቃለች።

አንድ ማክሰኞ ግን ወሬው ተበላሸ። በዋዜማው ልምምድ ለሩቲ ቡድን የደረሰው አፍሪካ ነበር። "ጠላት ከሁለት በኩል መጣብን፣ መከላከያው ለሁሉም አይበቃም። በቃ፣ ሌጎስና ካይሮ ሕዝባቸው ብዙ ነው፣ እነሱን ከለልኩ። አዲስ አበባን ለቀቅኳት። አሸነፍን!" አለች በአንድ ትንፋሽ።

እናቷ የሚያጉረመርመውን ማሽን አዩ።

"እኔ የት ነበርኩ?" አሉ።

"የት?"

"አዲስ አበባን ስትለቂያት። እዚሁ ማሽኑ ላይ ነበርኩ?"

"እማዬ ደሞ! ጨዋታ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ፣ ጨዋታ ነው" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሩቲ ያን ምሽት ሳህን አጠበች፣ የታጠበውን መልሳ አጠበች። በማግሥቱ ልምምድ ላይ አፍሪካ እንደገና ሲደርሳቸው፣ ያላትን መከላከያ በሙሉ አዲስ አበባ ዙሪያ ደረደረችው። ካይሮ ነደደች፤ ሌጎስ ነደደች፤ ኪንሻሳ ተከተለች። አዲስ አበባ ብቻዋን በባዶ አህጉር ላይ ቀረች።

"ምን ነካሽ አንቺ?" ደጋጋ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ወረወረው። "ውድድሩ ቅዳሜ ነው እኮ!"

ሩቲ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ታክሲ መጠበቅ አልቻለችም፤ ካዛንቺስ ካለው ጌም ቤት እስከ ቂርቆስ በእግሯ ሄደች። በፈረሰው ሰፈራቸው በኩል ስታልፍ የቤታቸውን ቦታ ለመለየት ሞከረች። አዲሱ ሰፊ መንገድ ሁሉንም አንድ አድርጎታልና አልለይ አላት።

ሐሙስ ለእናቷ ነገረቻቸው። ደስ የሚላቸው መስሏት ነበር።

"ለአንድ ከተማ ብለሽ ያን ሁሉ ሕዝብ አስፈጀሽ?" አሉ እየተቆጡ። "ማን አድርጊ አለሽ?"

"አንቺ ነሻ! የት ነበርኩ ያልሽው!"

"ጠየቅኩ እንጂ አድኚኝ አልኩሽ?"

ቅዳሜ ጠዋት ውድድሩ ተጀመረ። ጎረቤታቸው እትዬ ለተገብርኤል እናትየዋን ወደ ሆስፒታል ሊወስዱ ተስማምተው ነበር። ዕጣ ሲወጣ ለሩቲ ቡድን አውሮፓ ደረሰ፤ አፍሪካ ለናይሮቢዎቹ። ሩቲ እጆቿን ጭኖቿ ሥር ከትታ ጠበቀች። ናይሮቢዎቹ መጠበቅ አቅቷቸው ቀድመው ተኮሱ፤ ጣቢያዎቻቸውም መከላከል አቆሙ። ዋቅቶላ ሌጎስን፣ ደጋጋ ካይሮን መቱ። የሩቲ ሰርጓጅ መርከብ የኤደን ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ነበር። ከፊቷ ያለችው ክፍት ነጥብ አዲስ አበባ ናት።

"ሩቲ! ተኩሺ!" አለ ደጋጋ።

ጣቷ አልታዘዝ አላት። ያቺ ሁልጊዜ የምትቸኩለው ጣት።

"ሩቲ፣ በማርያም!"

ተኮሰች። ነጥቧ በጸጥታ ሰፋችና ጠፋች። አሸነፉ። ደጋጋ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ጨፈረ፤ ዋቅቶላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። ሩቲ አብራቸው አልቆየችም።

ሆስፒታል ስትደርስ እናቷ ማሽኑ ላይ ነበሩ። ክፍሉ ሁሉ ቀና አለ።

"አሸነፍን" አለች ቆማ። "አዲስ አበባን መትቼ ነው። እኔው ራሴ።"

"እኛንም?" አሉ ጋሽ ገብረሕይወት፤ ሲስተር ራቢያ ሳቀች። እናትየዋ አልሳቁም።

"አመነታሽ?"

"አዎ እማዬ።"

"ደግ። አመንትተሽም ቢሆን ከቻልሽ፣ አሁን የድሬዳዋውን ንገሪኝ።"

ሩቲ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ቢሮዋ የድሬዳዋውን ቅርንጫፍ እንድትመራ ጠይቋት፣ ለእናቷ ሳትናገር እንቢ ብላ ነበር።

"ማን ነገረሽ?"

"ሊዲያ ልትጠይቀኝ መጥታ። የሚያስጠላሽን ሳይሆን የምትፈልጊውን ነው እንቢ ያልሽው። በእኔ አመካኝተሽ።"

"አንቺን ለማን ትቼ?"

"ለተገብርኤል አለች። እህቴም ከደብረ ብርሃን ልትመጣ ተነጋግረናል። እኔ የሚያመላልሰኝ ሰው እንጂ የምትንቆራጠጥልኝ ልጅ አያስፈልገኝም።"

ተጨቃጨቁ። ሩቲ አለቀሰች፤ እናቷም ነፃ በሆነው እጃቸው እንባቸውን ጠረጉ። ሲስተር ራቢያ መጥታ "ግፊትዎ ጨምሯል፣ በቃ!" ብላ ሁለቱንም ተቆጣቻቸው።

ሰኞ ዕለት ሩቲ አለቃዋ ጋ ገብታ ሐሳቧን እንደለወጠች ተናገረች። ቦታው ገና አልተያዘም ነበር።

አሁን ድሬዳዋ ናት፤ ሙቀቱን አልለመደችውም፣ ልቧም አልረጋም። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከሰዓት ትደውላለች። አክስቷ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ትራሱ ላይ ያስቀምጡታል። ሩቲ የመጋዘኑን ግቢ ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሰች ከእነደጋጋ ጋር በኢንተርኔት ያደረጉትን ያለፈውን ልምምድ ትተርካለች። አንዳንዴ መሐል ላይ አቋርጣ፣ "እማዬ፣ አለሽ?" ትላለች።

"አለሁ" ይላሉ። "ከዚያስ?"