ዋና አስጎብኚ

እኔ ታረቀ የደጋ ሰው ነኝ። ውሃ የማውቀው በጣሳ ነው፤ ብዙ ከተባለ በባልዲ። ክረምት ላይ ደብረ ማርቆስ መንገድ ዳር ጎርፍ ሲወርድ ለመሻገር የማላውቀውን ሰው ትከሻ የምይዝ፣ ጠበል ስጠመቅ እንኳ ቄሱን «አባ፣ ቀስ እያሉ» ብዬ የምለምን ሰው ነኝ። እንግዲህ ይኸው ሰውዬ ነው አባይ በረሃ ወርዶ፣ በጎማ ጀልባ ላይ ተቀምጦ፣ ለስድስት ፈረንጆች ስለ ወንዝ ሲያስተምር የተገኘው።

እንዴት እዚያ ደረስክ ብትሉኝ በትምህርቴ ነው። ዲማ የቅኔ ተማሪ ነበርኩ። ጎበዝ ነበርኩ ልበል? ልበል እንጂ፣ ማን ይከለክለኛል፤ የኔታ እንደሆኑ በሕይወት የሉም። ቅኔ ማለት፣ ለማያውቀው ልንገረው፣ አንድ ቃል ሁለት ሆድ ይዞ የሚመጣበት ነገር ነው። አንዷን ፊደል አጥብቀህ ስታነባት አንድ ትርጉም ይሰጥሃል፣ አላልተህ ስታነባት ሌላ። የኔታ «አንተ ሁሉንም ታጠብቃለህ፣ እስኪ ላላ በል» ይሉኝ ነበር። እኔም ላላ ብዬ ትምህርቱን ጥዬ ወጣሁ።

ከዚያ ትንሽ እንግሊዝኛ ለቃቅሜ ደብረ ማርቆስ አስጎብኚ ሆንኩ። አብያተ ክርስቲያናት አሳያለሁ፣ ጮቄ ተራራ ይዤ እወጣለሁ። የማላውቀውን ሲጠይቁኝ «በአሥራ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን ነው» እላለሁ። እስካሁን ያስተባበለኝ የለም።

ባለቤቴ የዓለምዘርፍ ጉንደ ወይን ልብስ ሰፊ ናት። የሷ ደንበኛ እዚያ፣ የኔ እንግዳ እዚህ፤ ትዳራችን በሚኒባስ የሚመላለስ ትዳር ነበር። ቅዳሜ ማታ እደርሳለሁ፣ እሑድ ከሰዓት እመለሳለሁ። ስታሾፍብኝ «እንግዳዬ» ትለኛለች። እስቃለሁ፤ ሳቄ ግን ከጥርሴ አያልፍም። ከሷ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር መኖር፣ እንደ ሰው ሰኞንም ማክሰኞንም አብሬያት መዋል፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሌላ የምመኘው ነገር አልነበረኝም።

ታዲያ አንድ ቀን ከጉንደ ወይን ቁልቁል ቆላው ውስጥ፣ ወንዝ ዳር፣ አንዲት ትንሽ ሎጅ አስጎብኚ እንደምትፈልግ የሚል ማስታወቂያ አየሁ። በአንድ ጊዜ ከስድስት የማይበልጡ እንግዶች ተቀብላ በጀልባ አዞና ጉማሬ ታሳያለች፣ በጫካው ውስጥ በእግር ታስኬዳለች። ለአስጎብኚው ከደመወዙ ሌላ ከነቤተሰቡ የሚኖርበት ሁለት ክፍል ቤት አለው። ቤት! ይህን ሳይ ቀሪውን ማስታወቂያ አላነበብኩትም። ወዲያው ለሥራ አስኪያጇ ለእትዬ ሥራነሽ በቴሌግራም ማን እንደሆንኩ፣ ከምንም በላይ ቤቱን ለምን እንደምፈልገው ጻፍኩላቸው። እሳቸውም አጭር መልስ ላኩልኝ፦

«ታሪክህ ደስ ይላል። ዋና ትችላለህ?»

ዋና! ገና ሳልቀጠር ዋና አስጎብኚ ሊያደርጉኝ! ደረቴ ተነፋ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ እንዲህ ብዬ መለስኩ፦ «እትዬ፣ ዋናማ የተፈጠርኩበት ነው። ከኔ የሚበልጥ ካገኙ እኔው ራሴ እለቅለታለሁ።»

«እሰየው!» አሉኝ። «የጠየቅኩት ሁሉ አልችልም እያለ አስቸግሮኝ ነበር። በል ና፣ አንድ ጉዞ በሙከራ ትሠራለህ፣ ከተሳካ ቤቱ ያንተ ነው።»

የሰዉ ትሕትና ገረመኝ።

ለየዓለምዘርፍ ደውዬ «ዋና ሆንኩ!» አልኳት፣ በደንብ አጥብቄ። እልልታዋ ጆሮዬን አደነቆረው። ጉዞው እስኪያልቅ እንድትጠብቅ፣ ከዚያ ዕቃዋን ጭና እንድትመጣ ተስማማን። ያን ሳምንት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያልነገርኩት ሰው የለም። ሊስትሮው እንኳ «ዋናው፣ እግርዎን ያንሱ» ይለኝ ጀመር።

ቆላው እንደ ምድጃ ይግላል። እንግዶቹ ጥሩ ሰዎች ነበሩ፤ ከመሀላቸው ዊለም የሚባል ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ግን ጥያቄ አያልቅበትም። የመጀመሪያው ቀን በጀልባ ወጣን። ቀዛፊው ቢተው የወንዙ ልጅ ነው፤ እኔ የጀልባዋን ገመድ በሁለት እጄ ጨብጬ ሲያየኝ «አንተ የደጋ ሰው፣ አታንቃት እንጂ፣ ትንፋሿ ይወጣል» አለኝ። ላይፍ ጃኬቱን፣ ያን ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ሰደርያ፣ ከሁሉ ቀድሜ የለበስኩት እኔ ነኝ። አንዱን ደርቤ ልጨምር ስል ቢተው ቀማኝ።

ከዚያ ጉማሬው ብቅ አለ። እንግዲህ ለኔ ጉማሬ አውሬ ከመሆኑ በፊት አለንጋ ነው። ከቆዳው የተሠራው አለንጋ የኔታ ደጃፍ ላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር፤ ስሙም ጉማሬ ነው። ስለዚህ ያ ትልቅ ጭንቅላት ከውሃው ሲወጣ ሌላው ካሜራውን ሲያነሳ እኔ ጀርባዬን ሸፈንኩ። ዊለም «ስለ እንስሳው ባሕርይ ንገረን» አለኝ።

«በጣም ይለበልባል» አልኩት።

በማግስቱ ቁርስ ላይ እትዬ ሥራነሽ ራሳቸው እንግዶቹ ፊት ቆሙ። «ዛሬ ወደ አባይ የምትገባዋን ትንሿን ወንዝ እንሻገራለን» አሉ። «መሻገሪያው ጥልቅ ነው፣ ግን ውሃው የረጋ ነው፣ አዞም የለበትም። ቢተው ከጀልባው አይለይም። አስጎብኚው ገመድ ይዞ ዋኝቶ ማዶ ካለው ዛፍ ያስራል። እናንተ ገመዱን ይዛችሁ በጀልባ ትሻገራላችሁ። ውሃ ውስጥ የወደቀ ቢኖርም የሚያወጣው እሱ ነው።»

ይህን ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። «አስጎብኚያችሁ ይዋኛል» ብዬ፣ ሲያጨበጭቡ አብሬ አጨብጭቤ፣ ከዚያ በኋላ ነው አስጎብኚያቸው ማን እንደሆነ ትዝ ያለኝ።

ክው አልኩ። እትዬ ሥራነሽን ወደ ጥግ ወስጄ «እትዬ፣ የሚዋኘው... ማነው?» አልኳቸው።

«አንተ ነሃ! ዋና ትችላለህ ብዬ ስጠይቅህ የተፈጠርኩበት ነው ብለህ አልጻፍክልኝም?»

ስልኬን አወጣሁ። መልእክታቸውን እንደገና አነበብኩት፣ አሁን አላልቼ። ዋና። ወይ ጉድ! ዋና ማለት እኮ ሲጠብቅ አለቃ ነው፣ ሲላላ መዋኘት። የቅኔ ተማሪ! ጥርሱን ነቅሎ ያደገበትን፣ ገበሬ ሳያስብበት የሚለየውን፣ አንዲት «ና» ማላላት አቅቶት! የኔታ ከመቃብር ቀና ብለው «አላልኩህም?» የሚሉኝ መሰለኝ።

እነግራቸዋለሁ ብዬ አፌን ስከፍት ስልኬ ጠራ። የዓለምዘርፍ ናት።

«ታሬ፣ አትቆጣኝ፣ መጠበቅ አቃተኝ!» አለችኝ። «ሱቁን ልለቅ ነው ስለው አከራዩ ወዲያው ለሌላ ሰጠው። አልጋውንም የስፌት መኪናዋንም አይሱዙ ላይ ጭኛለሁ፣ እየወረድን ነው። እንግዲህ ወዲያ ወዲህ ማለት ቀረ!» ድምጿ እንደ ሙሽራ ድምፅ ይስቃል።

«ጎሽ» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ቢተውን እጁን ጎትቼ ከዛፍ ኋላ ወሰድኩትና «ዋና አስተምረኝ» አልኩት።

«እሺ። መቼ?»

«አሁን። ሳንወርድ።»

መሬት ላይ ተቀምጦ እስኪያለቅስ ሳቀ። ከዚያ አዘነልኝ መሰለኝ፣ አሸዋው ላይ በሆዴ አስተኛኝ። «እጅህን እንዲህ፣ እግርህን እንዲህ፣ አፍህን ዝጋ፤ አፍህን መዝጋት ነው የሚከብድህ» አለኝ። እኔም በደረቅ መሬት ላይ አሸዋ እየበላሁ ስንፈራገጥ ዊለም ደረሰ። ካሜራውን አነሳና «ይህ የአካባቢው ባህል ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«በአሥራ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን ነው የተጀመረው» አልኩት፣ ከወደቅኩበት ሳልነሳ።

ወንዙ ዳር ደረስን። ገመዱን ወገቤ ላይ አሰሩልኝ። እንግዶቹ ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፣ እትዬ ሥራነሽ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ጫማዬን ለማውለቅ የወሰደብኝ ጊዜ ጫማ ለመስፋት ይበቃ ነበር። ገባሁ። እስከ ቁርጭምጭሚት ደኅና ነኝ። እስከ ጉልበት «በስመ አብ» አልኩ። እስከ ወገብ ስደርስ ከእግሬ ሥር ያለው መሬት ቁልቁል ሄደ፣ እኔም የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨርሼ ወደማላውቀው ገባሁ። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ አልጋ በአይሱዙ ተጭኖ እየወረደ ነው። መልሼ ወደ ጉንደ ወይን ላስጭነው? ለየትኛው ሱቅ?

«ታረቀ! ምን ልትሆን ነው? ውጣ! ውጣ ብዬሃለሁ!»

ዞር አልኩ። የዓለምዘርፍ ከሎጁ እየሮጠች ወርዳ ዳሩ ላይ ቆማለች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል። እንዲያ ስትጮኽ ሰምቻት አላውቅም።

እሷን እያየሁ መዋሸት አልቻልኩም። «ዋና አልችልም!» አልኩ፣ ወንዙ እስኪያስተጋባ። ከዚያ ለእንግዶቹ በእንግሊዝኛ ደገምኩት፤ ሥራዬ ነዋ።

«ታዲያ ለምን ጻፍክልኝ?» አሉ እትዬ ሥራነሽ።

«እትዬ፣ አጥብቄ አንብቤው ነው።»

መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው ከንፈራቸው ለሳቅ ተንቀጠቀጠ፣ ግን መልሰው ቆጠብ አሉ። «ይኸውልህ ታረቀ፣ ጥሩ ሰው ነህ» አሉኝ። «ግን ከነዚህ ሰዎች አንዱን ውሃ ቢወስድብኝ ማን ያወጣልኛል? ቤቱ ለሚዋኝ አስጎብኚ ነው። አዝናለሁ።»

እውነታቸውን ነው። ወጣሁ። ሱሪዬ ውሃ እያንጠባጠበ ገመዱን ለመፍታት ስታገል ቋጠሮው እምቢ አለኝ። አፈርኩ፤ ከማፈሬም በላይ አንጀቴ አረረ። ሱቋን ያዘጋኋት፣ እዚህ ድረስ ያስወረድኳት እኔ ነኝ፣ በአንዲት ፊደል።

የዓለምዘርፍ መጥታ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው። ነጠላዋን አጣጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠች፣ ጫማዋን ጨመረችልኝ፣ ቀሚሷን በመቀነቷ ከፍ አድርጋ አጠበቀች። ገመዱን ወገቧ ላይ አዞረች።

«አንቺ! የት ልትሄጂ ነው?»

«ያዝልኝ አልኩህ።»

ገባች። ጨርቅ በስፌት መኪናዋ ሥር እንደምታሳልፈው ቀጥ ብላ፣ ሳትቸኩል፣ ውሃውን ሳታንቦጫርቅ ሄደች። ማዶ ወጥታ ገመዱን ዛፉ ላይ አሰረችና ሁለቴ ሳበችው። እንግዶቹ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ቢተው «እህህ!» አለ፤ ከሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። እትዬ ሥራነሽ ወደኔ ዞረው «ማናት?» አሉኝ።

«ሚስቴ ናት» አልኩ፣ ከሷ ይልቅ ራሴ የዋኘሁ ይመስል።

ብዙ አላወሩም። እኔ እንዳወራ፣ እሷ እንድትዋኝ፣ ሁለታችንም ደመወዝ እንዲቆረጥልን ተስማማን። ቤቱ በሷ ስም ተጻፈ። አሁን ዋናዋ እሷ ናት፤ አጥብቃችሁም አንብቡት፣ አላልታችሁም።

ከሰዓት በኋላ አልጋውን አስገባን። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጸጉሯን ስታደርቅ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በልጅነቷ ከአያቷ ጋር ቆላ እንዳደገች አውቅ ነበር፤ ቆላ ወንዝ እንዳለው ግን አስቤ አላውቅም።

«ዋና እንደምትችይ እንዴት ሳትነግሪኝ ኖርሽ?» አልኳት።

«መች ጠየቅከኝ?»

ልስቅ ነበር፣ ፊቷን ሳየው ተውኩት። ዓይኗ ወንዙ ላይ ነው።

«አበባውን ውሃው ሲወስደው ዳሩ ላይ ቆሜ ነበር» አለችኝ። «ዋና አልችልም ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የተማርኩት። ዛሬ ወገብህ ድረስ ገብተህ ሳይህ...»

አበባው ታላቅ ወንድሟ ነው። ልጅ ሳለ እንደሞተ አውቃለሁ። በምን እንደሞተ ግን አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። እሑድ አጭር ነው፤ የማወራው ደግሞ እኔ ነበርኩ።