በወንድሜ ቦታ የተለጠፈው ወረቀት

ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት፣ ወሩ ሐምሌ ነው። እኔ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ጉልበቴ አብጦ ሽመናውን ያቆምኩበት ክረምት ነው። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ መርገጫውን ካልረገጠ ምኑን ሸማኔ ነው? እናም አዲሱ ገበያ ያለችው ቤታችን ውስጥ እንደ ታመመ ዶሮ ተኮራምቼ ዋልኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ሚስቴ ትቆጣኛለች፣ እኔም መልሼ እቆጣታለሁ። እንዲህ ሆነን በሰላም ስንኖር ልጄ ለክረምት እረፍት መጣችብን።

መጣችብን ስል ልጄን አልወዳትም ማለቴ አይደለም። የኬጂ አስተማሪ ናት። እሷ ብቻዋን ብትመጣ ምንም አልልም ነበር። ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ቁርጥራጭ ይዛ መጣች እንጂ። ሕፃናቱ ዓመቱን ሙሉ ሲቆርጡና ሲለጥፉ የተረፈ ነው። ባለ አበባ ወረቀት፣ ባለ ነጠብጣብ ወረቀት፣ የስጦታ መጠቅለያ፣ የሪባን ጫፍ፣ ጎዶሎ ቁልፍ፣ ዶቃ፣ ደግሞ እንደ ዱቄት የሚበን ብልጭልጭ ነገር። ሁሉንም እኔ የምበላበት ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው።

«ምንድነው ይሄ?» አልኳት።

«አልበም ልሠራላችሁ ነው፣ አባዬ። ፎቶዎቹ ቆርቆሮው ውስጥ እየተጣበቁ እኮ ነው።»

እሱስ እውነቷን ነው። ፎቶዎቻችንን የምናስቀምጠው በብስኩት ቆርቆሮ ነበር። ጣሪያው ሲያፈስ እርጥበት ገብቷቸው እርስ በርስ መያያዝ ጀምረዋል።

«አልበም ከሆነ ሱቅ ሞልቷል» አልኳት። «ፕላስቲክ ኪስ አለው። ፎቶውን ወተፍ ታደርጊዋለሽ፣ በቃ።»

«እንደዚያ ዓይነት አይደለም። ስክራፕ ቡክ ነው የሚባለው። ገጹ ራሱ ታሪኩን ያወራል።»

ገጽ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ያኔም ገጹ ዝም ብሎ የሚጮኸው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ቤት መሆኑ ቀረ። ኮላው ክርኔ ላይ ይጣበቃል። ብልጭልጩ ሽሮው ውስጥ ይገባል። መቀስ ስፈልግ መቀስ የለም፣ መነጽሬን ስፈልግ ባለ አበባ ወረቀት ሥር ነው። አንድ ቀን ጎረቤት ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ሴትዮ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትንቀጠቀጣለች። እያለቀሰች ነው ብዬ አዘንኩላት። ለካ እየሳቀች ነው። ግንባሬ እንደ ሰርግ መኪና ያብረቀርቃል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያበግነኝ ግን አለጣጠፏ ነው። እኔ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ክር ሳቃና የኖርኩ ሰው ነኝ። አንዲት ክር ከዘመመች ከእሷ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ይዘማል። ልጄ ደግሞ ፎቶውን ሆን ብላ ታጣምመዋለች።

«ለምን አጣመምሽው?»

«እንዲያምር ነው።»

«የሰርጋችን ፎቶ እኮ ነው! እናትሽ ልትወድቅ ነው የምትመስለው።»

ሚስቴ ከጓዳ ሆና «ቆሜ ብሆንማ መች አንተን አገባ ነበር!» አለች።

ሁለቱ ተሳሳቁ። እኔ በእነሱ ቤት ማን ነኝ? ፎቶ አውጪ ነኝ። ሥራዬ ከቆርቆሮው አንድ አንድ እያወጣሁ ይህ እገሌ ነው፣ ይህች እገሊት ናት ማለት ነው፣ ልጄ ከሥሩ ትጽፋለች። በዚህ ዓይነት ሁለት ሳምንት ሄድን።

አንድ ከሰዓት በኋላ የእናቴ ፎቶ ወጣ። እኔ እንኳን አላወጣሁትም፣ ከታች ደብቄው ነበር። ልጄ ቆርቆሮውን ገልብጣ አገኘችው። እናታችን ስቱዲዮ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። በቀኟ በኩል እኔ ጎልማሳ ሆኜ ቆሜአለሁ። በግራዋ በኩል ቀዳዳ አለ። ሰው የሚያህል፣ ራስና ትከሻ ያለው ቀዳዳ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች ልጄ።

«አይጥ በልቶት ነው።»

«አይጡ መቀስ ይዞ ነበር» አለች ሚስቴ።

ልጄ እናቷን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ከአጎቷ ጋር መኳረፋችንን ታውቃለች። ፎቶ መቁረጤን ግን አታውቅም ነበር።

ቀዳዳው ታናሽ ወንድሜ ነው። አባታችን ከጋሞ ሲመጣ ሽመናውን ብቻ ይዞ ነው የመጣው፣ እሱኑ ለሁለታችን አስተማረን። ሽሮ ሜዳ አንድ ቤት ውስጥ፣ ጎን ለጎን በተቆፈሩ ሁለት ጉድጓዶች፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት አብረን ሸመንን። ከዚያ አንድ ቀን ወንድሜ ዕቃውን ነቃቅሎ ሱቅ ከፈተ። ሱቅ መክፈቱ አይደለም ጣጣው። ፕሪንት ሊሸጥ ነው የከፈተው። ፕሪንት የሚሉት ከውጭ አገር በኮንቴይነር የሚመጣ ጨርቅ ነው። ጥለቱ በክር አልተሠራም፣ በቀለም የታተመ ነው። ከሩቅ ሲያዩት የእኛ ጥለት ነው። በጣት ቢዳስሱት ግን ምንም የለም፣ ልሙጥ ነው። እኛ አንዱን ጥለት ለማውጣት ስንት ቀን ዓይናችንን ስናፈስ፣ ማሽኑ በአንድ ቀን ተራራ የሚያህል ያትማል።

«ጋሼ፣ ወገቤ አልቋል» አለኝ ያኔ። «ጠዋት ስነሳ ልጆቼ ናቸው ደግፈው የሚያቆሙኝ።»

«ወገብህ ሳይሆን ኅሊናህ ነው ያለቀው» አልኩት። «የአባትህን ጥለት የሰረቁ ሰዎች ተላላኪ ነህ።»

ወገቡን ይዞ ወጣ። እኔም ቤት ገብቼ መቀሱን አነሳሁና ከእናቴ ጎን ቆረጥኩት። የቆረጥኩትን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ያን ክረምት ነገሩ ሰባት ዓመት ሞልቶት ነበር።

ልጄ ይህን ሁሉ ከእናቷ ሰማች። ለእኔ ግን «አስተካክለዋለሁ» ብቻ አለችኝ። ሦስት ቀን ያህል በእጇ እየሸፈነች ስትሠራ ሰንብታ «አባዬ፣ ና እስቲ እይ» አለች።

ሄድኩ። ለእኔ ብላ ፎቶውን ቀጥ አድርጋ ለጥፋዋለች፣ እሱን አይቼ ደስ ሊለኝ ነበር። ዳር ዳሩን በሪባን ከባዋለች። ቀዳዳውን ደግሞ ከላይ ሌላ ወረቀት ለጥፋበት እስከ እናቴ ትከሻ ድረስ ሞልታዋለች። ወረቀቱ ምን ይመስላል? ጥለት የታተመበት የስጦታ መጠቅለያ ነው። ቀይና ወርቃማ፣ መስቀል መስቀል ያለው ጥለት።

«ስንት ወረቀት አገላብጬ ነው ያገኘሁት!» አለች ደስ ብሏት። «ያንተ ሥራ ስለሆነ ብዬ እኮ ነው።»

ደሜ ፈላ። ወንድሜን ያስቆረጠኝ ነገር ራሱ፣ የወንድሜን ራስና ትከሻ ይዞ፣ እናቴ ጎን ቆሟል።

«አንሺው!»

«ምን አጠፋሁ?»

«ፕሪንት ነው! እናቴ ጎን ፕሪንት አታቁሚብኝ!»

«ታዲያ ምን ላቁም? ባለ አበባው ይሁን? ባለ ፊኛው?»

«ባዶውን ተይው።»

«ባዶ አይሆንም፣ አባዬ። እንቁጣጣሽ ላይ የአጎቴ ልጆች ይመጣሉ። አልበሙን ሲገልጡት አባታቸው በመቀስ ተቆርጦ ሊያዩት ነው? አይጥ ነው ትላቸዋለህ?»

ልጆቹ ምንም አላጠፉም። አባታቸው ደጄን ሳይረግጥ እነሱ በየዓመቱ አደይ አበባ ይዘው ይመጣሉ፣ ጉልበት ስመው፣ ምሳ በልተው ይሄዳሉ። ስለ አባታቸው አንድ ቀን እንኳ ጠይቄአቸው አላውቅም። እነሱም አያነሱብኝም። እነሱ ፊት ይህ ገጽ ሲገለጥ ታየኝ።

«ገጹን አውጪው እንግዲያው። ይቅር።»

«እኛ ጋ ያለው የአያቴ ፎቶ ይሄ አንድ ብቻ ነው። አያቴ የሌለችበት አልበም አልሠራም። ያኔ ሁለት አሳጥባ ለሁለታችሁም ሰጥታችኋለች፣ አጎቴ ጋ ሌላው አለ። ሂድና ለምነው።»

«አልለምንም።»

«እንግዲያው ፕሪንቱ ይቆማል።»

ይህን ብላ ጃንጥላዋን አንስታ ወደ ገበያ ወጣች። ይህን ግትርነት ከየት እንዳመጣችው እግዜር ይወቅ። ሚስቴ ግን የምታውቅ መሰለችኝ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና ወደ ጓዳዋ ገባች።

ብቻዬን ስሆን መነጽሬን አድርጌ ወረቀቱን በጥፍሬ መላጥ ጀመርኩ። ኮላው ገና አልደረቀም ነበር። ከእናቴ ትከሻ ላይ ጫፉ ሲነሳ አራት ጣት ወጣ። የወንድሜ ጣቶች ናቸው። እንደ ልማዱ እጁን ትከሻዋ ላይ ጭኖ ነበር፣ እኔ ደግሞ በዚያ ንዴቴ ውስጥ ሆኜም የእናቴን ትከሻ መቁረጥ ፈርቼ ዘልዬዋለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ጣቶቹ እዚያው ነበሩ።

ከጣቶቹ ሥር ነጠላዋ አለ። ለዚያ ፎቶ ብለን ቀሚሷን እኔ፣ ነጠላዋን እሱ ነበር የሸመንንላት። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው፣ አርጅቷል፣ እንደዚያም ሆኖ የነጠላዋ ጥለት ጥርት ብሎ ይታያል። አንዲት ክር አልሳተም። ወደ ታች ወርጄ የቀሚሷን ጫፍ አየሁ። የእኔ ነው። ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ጥለቱ ዘሟል።

ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም፣ አሁን ግን ልጻፈው። ወንድሜ ከእኔ ይበልጥ ነበር። አባታችን ያውቅ ነበር። ደንበኞቹም ገብተው እኔን ሰላም ብለው «ያኛው ይሥራልኝ» ይሉ ነበር። እኔ ስንት ዓመት ከጎኑ ቁጭ ብዬ እጁን አይቻለሁ፣ እንዴት እንደሚያደርገው ዛሬም አልገባኝም። እሱ ዕቃውን ሲነቅል ያበገነኝ ፕሪንቱ ብቻ አልነበረም። እንደዚያ ያለ እጅ ይዞ ጉድጓዱን ትቶ ወጣ፣ የተረፍኩት እኔ ነኝ፣ ጥለቱ የሚዘምብኝ። ያን ቀን ይህን ብነግረው ኖሮ ይቀመጥ ይሆን? እንጃ። ወገቡ እውነት አልቆ ነበር። እኔ ግን ተላላኪ ነህ አልኩት። ስድብ ሲሆን አፌ ቀና ነው።

ሚስቴ ወጥታ ከጎኔ ተቀመጠች።

«ምን ታያለህ?»

«ነጠላዋን።»

«እሱ የሠራውን?»

«አዎ።»

«ሰውዬውን አቃጥለህ ሥራውን ደብቀህ አስቀመጥክ» አለችኝ። «እኔ ያገባሁት ሰው ሞኝ ነው ብዬ ለሰው ብናገር ታኮርፋለህ።»

አላኮረፍኩም።

ልጄ ስትመለስ ወረቀቱ ተቀድዶ መሬት ላይ ነው።

«ቀደድከው?»

«ቀደድኩት። ሌላ እንዳትለጥፊበት። ቦታውን ሰፋ አድርገሽ ተይው።»

«እስከ መቼ?»

«አትጨቅጭቂኝ አልኩሽ።»

በማግስቱ ጠዋት ዝናቡ ሳይጀምር ተነሳሁ። የት ነው የምትሄደው ያለኝ ሰው የለም፣ ሁለቱም የተኙ መስለው ተኝተዋል። ሁለት ታክሲ ይዤ ሽሮ ሜዳ ወረድኩ። የወንድሜን ሱቅ ከዚያ በፊት ከሩቅ እንጂ ቀርቤ አይቼው አላውቅም። ከላይ እስከ ታች ፕሪንት ተሰቅሎበታል። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ሌላ ፕሪንት ይሰቅላል። ሸብቷል። ወገቡ ሳይቃና ዞር ብሎ አየኝ።

«ጋሼ!» አለ።

ሰላም ማለት ነበረብኝ። «የእማዬን ፎቶ ፈልጌ ነው» አልኩት።

«አንተም እኮ አለህ።»

«የኔው ተቆርጧል።»

«ማን ቆረጠው?»

«እኔ ነኛ!»

«ማንን ቆረጥክ?»

«አንተን ነዋ! እናቴን ልቆርጥ ኖሯል?»

በጎረቤት ሱቅ ያሉት ሴቶች ሥራቸውን ትተው ያዩናል። ከዚያ ወንድሜ አፉን ያዝ አድርጎ፣ ይስቅ ይሁን ምን ይሁን ሳላውቅ፣ «ይሄኛውንም ልትቆርጠው ነው?» አለኝ።

«መቀስ አልያዝኩም። ከፈለግህ ፈትሸኝ።»

አልፈተሸኝም። ያንጠለጠለውን ጨርቅ እጄ ላይ ጣለልኝና «ቤቱ ከጀርባ ነው፣ ይዤው ልምጣ። ሱቁን ጠብቅልኝ» ብሎ፣ እሺ ሳልለው ግድግዳውን እየያዘ ሄደ።

እኔ፣ ፕሪንት በእጄ ይዤ፣ ፕሪንት ሱቅ በር ላይ ቆምኩ። የሚያውቁኝ ሸማኔዎች ቢያልፉ ምን እላለሁ ብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ወዲያው አንዲት ወጣት ሴት ገብታ አንዱን ቀሚስ ጎተት አደረገች።

«አባባ፣ ይሄ የእጅ ሥራ ነው?»

«አይደለም። ፕሪንት ነው» አልኳት። «ቁጭ በይ። ወንድሜ አሁን ይመጣል።»