በጋሼ ይማም እጅ ጽሑፍ

የማርከር ሽታ ሁሌም ወደ ኋላ ይመልሰኛል። ዛሬም ወልድያ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ተማሪዎቼ ስለ መብት የጻፏቸውን ግጥሞች ለሚኒ ሚዲያው ሰሌዳ ስገለብጥ፣ ሽታው ይዞኝ ወደ ተማርኩባት ከተማ፣ ወደ መርሳ ተመለሰ።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርን። የአማርኛ መምህራችን ጋሼ ይማም ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ሰው ነበሩ። ግጥሞቻችንን ሁሉ ስም ሳይጠቅሱ በራሳቸው እጅ ጽሑፍ ገልብጠው ይለጥፉ ነበር። እኔ ውሃ ይግባልን ብለው ስለታሰሩ የሰፈራችን ወጣቶች ጻፍኩ። በተለጠፈ ማግስት አንድ ኃላፊ መጥቶ ሰሌዳው ፊት አሰለፈን።

"ይሄን የጻፈው ማነው?"

ጋሼ ይማም በማርከር የጠቆሩ ጣቶቻቸውን አሳዩት። "እጅ ጽሑፉ የኔ ነው።"

እኔ ዓይኔን ከጫማዬ ላይ አላነሳሁም። ጋሼ ይማም በሳምንቱ ወደ ሩቅ ገጠር ተዛወሩ። መነኻሪያ ልሸኛቸው ሄጄ "ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

"አብሽሪ፣ ልጄ። መጻፍሽን ብቻ እንዳትተዪ። ስምሽን የምታወጪበት ቀን ይመጣል።"

ይኸው ፀጉሬ ሸበተ። ከዚያ ወዲህ አንድም ግጥም በስሜ አላወጣሁም።

አሁን የያዝኩት የተማሪዬ የሀያት ግጥም ነው፤ ስለታሰረ ወንድሟ የጻፈችው። ከሥሩ ስሟን ከነአባቷ በትልልቁ አስፍራዋለች። ስትሰጠኝም "ቲቸር፣ ስሜ እንዳይቀር፣ አደራ!" ብላኛለች።

የመጨረሻውን ስንኝ ገልብጬ ጨረስኩ፤ የቀረው ስሟ ነው። የማርከሩን ክዳን እገጥማለሁ፣ እነቅላለሁ፣ መልሼ እገጥማለሁ። ሀያት በመስኮቱ እያየችኝ ነው።