በሬዎቹስ የት ገቡ?

አያቴ አንድ ተረት በሰላም አያስጨርሱኝም ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ የአማርኛ መጽሐፌን ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። «ገበሬው ቀንበሩን ብቻ ተሸክሞ ተመለሰ» ስል ያስቆሙኛል።

«በሬዎቹስ የት ገቡ?»

«መጽሐፉ አይልማ፣ አባባ!»

«ባይልስ? አንቺ ጭንቅላት የለሽም?»

በንዴት አለቅሳለሁ።

በቀደም አክስቴ ከሶዶ ተነስታ የማስተምርበት ቢጠና ከተማ ድረስ መጣች። «አባባን ትንሽ አሟቸው ነው፣ እንሂድ» አለችኝ። ለትንሽ ሕመም ሚኒባስ በኮንትራት ይያዛል? ዓይኗስ ለምን ከዓይኔ ይሸሻል? መርዶውን ጎህ ሲቀድ ሊነግሩኝ ዘመዶች ተማክረው ነበር፤ እኔ ግን መኪናው ሳይነሳ ጮህኩ።

አባባ፣ አንዲት ሌሊት እንኳ ሳላውቅ ብተኛ ምን ነበረበት? አሁን ከባዶ ወንበርዎ አጠገብ ተረቱን እስከ መጨረሻው አነባለሁ። የሚያስቆመኝ የለም፤ እሱም ያናድደኛል።