ከፍራንክፈርት እስከ ሮም

ደርግ ገና ባልወደቀበት ዘመን፣ አባታችን ታሞ ከርሞ አዲስ አበባ ሲያርፍ፣ እኔ ኦክላንድ፣ ታላቅ ወንድሜ ፍራንክፈርት፣ ታናሽ እህታችን ሮም ነበርን። መርዶ በስልክ አይነገርም። ለወንድሜ ጓደኞቹ ተሰብስበው ነገሩት። የእኔን በር የእናቴ ወንድም ከሳን ሆዜ ሰው አስከትለው ሳይነጋ አንኳኩ። እህቴ ግን ብቻዋን ናት፤ ሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ነው የምታድረው። ወንድሜ ራሱ ሊነግራት ሮም ለመሄድ ተነሥቷል ተባለ። እስኪደርስ ማንም እንዳይደውልላት ተማማልን።

አልቅሼ ትንሽ ሲወጣልኝ ሐሳቤ ሁሉ እሷ ዘንድ ሄደ። የሰው ኩሽና ውስጥ ቆማ፣ ደግፎ የሚይዛት ሳይኖር እንዳትሰማው ፈራሁ።

አጎቴ በጃንሆይ ጊዜ አውሮፓ የተማሩ ሰው ናቸው። ስለ አውሮፓ ከተነሣ ከእሳቸው አፍ የሚነጥቅ የለም።

«ከፍራንክፈርት ሮም ምን አላት!» አሉ። «ምሳዬን እዚያ በልቼ ራቴን ሮም የበላሁ ሰው ነኝ። አንቺ ሳን ሆዜ በአውቶቡስ ስትመጪ መንገድ ላይ የምትጎለቺውን ያህል ነው፤ ዶንት ወሪ።»

ካርታ ላይም እንደዚያው ነው፤ አውሮፓ ሁሉ ጎረቤት ይመስላል። ቤቱን የሞላው ለቀስተኛ አመናቸው። እኩለ ቀን ገደማ ሰዓታቸውን አይተው «በቃ፣ እስካሁን ነግሯታል። ኮል አድርጊና አጽናኛት» አሉኝ።

ደወልኩ። እህቴ ራሷ አነሣችው። የለቅሶ ድምፅ የለም፤ ውኃ ይወርዳል፣ ሳህን ይንቋቋል።

«እትዬ! ደህና ነሽ?»

ለቀስተኛው ሁሉ እኔን ያያል። «ደህና ነኝ» አልኩ። «ወንድምሽ አልመጣም?»

«የት መጥቶ! በባቡር እኮ ነው። ነገ ጎህ ሲቀድ ነው የሚገባው።»

ለካ አጎቴ በዚያ ዘመን የሄዱት በመንግሥት ትኬት፣ በአውሮፕላን ኖሯል! ቆሽቴ አረረ። ያን ሁሉ የተማረ ሰው በምን እንደሚሄድ መጠየቅ እንዴት ይጠፋዋል? አጎት ናቸውና በዓይኔ ብቻ ገላመጥኳቸው።

እህቴ ውኃውን ዘጋችው።

«እትዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «እሱ ሮም መጥቶ አያውቅም። አንቺም በሥራ ቀን ደውለሽልኝ አታውቂም።»

ለለቀስተኛው ጀርባዬን ሰጠሁ፤ እሷው ቀጠለች።

«ምንም እንዳትነግሪኝ። እሱ መጥቶ ይንገረኝ። እስኪደርስ ድረስ አባባ አለ።»

«እሺ» አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ።

አጎቴ «እንዴት ናት? በረታች?» አሉኝ።

«ገና ነው፣ ጋሼ። መንገዱ ሩቅ ነው» አልኳቸው።

ያን ቀን ቤቴ የነበረው ሰው ሁሉ ወንድሜ ቶሎ እንዲደርስ ጸለየ። እኔ ብቻ ባቡሩ እንዲዘገይ ለመንኩ።