ሜዳ ነው ያልኩት ዳገት

ይህ የሆነው ዓምና ነው፤ ጨፋ ላይ ጤፉ ለአጨዳ በደረሰበት ሰሞን። በዕድሜዬ ብዙ አልዋሸሁም። ይህችኛዋ ውሸት ግን አንድ ሌሊት ሙሉ ስላስጨነቀችኝ አልረሳትም። ለአላህ ነግሬዋለሁ፤ ለእናንተም ልንገራችሁ።

ከሚሴ ዳር፣ አስፋልቱ ላይ፣ ውሃና ሳሙና የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የመጀመሪያ ልጄ ፋጡማ ያገባችው ከከተማው በላይ ካለው ተራራ ላይ ነው። ለመውለድ እኔ ዘንድ ልትወርድ ተነጋግረን ነበር፤ ልጁ ግን ቸኮለ። አንድ የሰፈሯ ሰው ለገበያ ሲወርድ፣ "በሰላም ተገላግላለች፤ ወንድ ነው። ግን ደክማለች፤ ቤት ውስጥም ቅቤ የሚባል የለም" ብሎኝ አለፈ፤ ሲመለስ አላገኘሁትም።

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አለኝ። ጉልበቴ አብጦ ከቤት ወደ ሱቅ እንኳ የምመጣው በባጃጅ ነው። የልጆቼ አባት ለከብት ገበያ ሰንበቴ ከተማ ሄዷል። ጎረቤቱ ሁሉ አጨዳ ላይ ነው። ወደ ልጄ ሰፈር የሚወጣው የጠጠር መንገድ ጎርፍ ድልድዩን ከወሰደው ወዲህ መኪና አያውቅም። ስልክም እዚያ አይሠራም። ቅቤ አንጥሬ በትንሽ ጀሪካን፣ አብሽ አስፈጭቼ በፌስታል አሰናድቼ፣ የሚወጣ ሰው ስጠብቅ ሁለት ቀን አለፈ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንድ ብስክሌተኛ ሱቄ በር ላይ ቆመ። ጎልማሳ ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ። ሄልሜት አድርጓል፤ የብስክሌቱ ጎማ ወፍራም ነው። ሁለት ውሃ ገዝቶ አንዱን እዚያው ጨረሰና፣

"እናቴ፣ እዚህ አካባቢ መኪና የማይሄድበት መንገድ አለ?" አለኝ።

በሩ ላይ ተሳፋሪ የሚጠብቀው ባለባጃጁ ጀማል ሳቁን ለቀቀው።

"ማል ጀታ? ምን አልክ? እኛ መኪና የሚሄድበት ስጠን ብለን ዱዓ እናደርጋለን፤ አንተ የማይሄድበትን ትፈልጋለህ?"

"አስፋልቱ ላይ የጭነት መኪና ሁለት ጊዜ ቦይ ውስጥ ሊከተኝ ነበር፣ ወንድሜ። ጠጠርም ይሁን፣ ብቻ ጡሩምባ የሌለበት ይሁንልኝ።"

በልቤ፣ አላህ ሰው ላከልኝ አልኩ።

"አለ እንጂ ልጄ! እዚያ ጋ ወደ ተራራው ትታጠፋለህ። በዚህ ሰሞን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሰላም ነው። አንድ መኪና አታገኝም።"

"ዳገት አለው?"

ሸይጧን የገባው እዚህ ላይ ነው። እውነቱን ብነግረው ይቀርብኛል ብዬ ፈራሁ።

"ሜዳ ነው" አልኩት።

ጀማል ዞር ብሎ አየኝ። መንገዱ ለእግረኛ ግማሽ ቀን ሙሉ ሽቅብ ነው። አህያ እንኳ ሦስት ጊዜ ቆማ ትተነፍሳለች።

"ሜዳ?" አለ ቀስ ብሎ።

"አንዲት ትንሽ ከፍ ያለች ቦታ አለች" አልኩ። "አንተ ተሳፋሪህን ጠብቅ።"

ሰውየው ስልኩን አውጥቶ አየ። ከዚያ እኔን አየ። "ሜዳ ከሆነማ ጥሩ ነው" አለ።

እኛ አገር ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ባዶ እጁን አይወጣም። የአንዱን ጨው፣ የሌላውን መድኃኒት ይዞ ነው የሚወጣው። አላውቅህም ብሎ እምቢ የሚል የለም። እንግዳው ይህን ከየት ይወቅ? ጀሪካኑን ይዤ ወደ ብስክሌቱ ስጠጋ ደነገጠ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ቅቤ ነው። ይሄኛው አብሽ። ልጄ ፋጡማ አራስ ናት፤ መንገዱ በደጇ ያልፋል።"

አራስ ስለው አልተከራከረም። በላስቲክ ጠፍሮ አሰረው። "ከአስር ሰዓት በፊት እመለሳለሁ" ብሎ ሄደ።

"እትዬ ዘሀራ" አለኝ ጀማል፣ "ሜዳው እንዳይገድለው።"

"ዝም በል። ቢስሚላህ ብዬ ነው የሰጠሁት።"

አስር ሰዓት ሆነ፤ አልመጣም። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሆነ፤ አልመጣም። ያ መንገድ በአንድ በኩል ገደል ነው። ቅቤውን ረሳሁት። የታየኝ የሰውየው እናት ናት፤ እሷም እንደኔ የሆነ ቦታ ሆና ልጇን ታስባለች። የልጆቼ አባት ከሰንበቴ ሲመለስ ነገርኩት። "የሰው ልጅ ሜዳ ነው ብለሽ ገደል ሰደድሽ?" አለኝ ብቻ።

ሰጋጃዬ ላይ ቆየሁ። "ያ ረቢ፣ ሰውየውን በሰላም መልስልኝ እንጂ ሁለተኛ አልዋሽም" አልኩ።

በማግስቱ የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ ሳይደርስ የብስክሌት ደወል ሰማሁ። እሱ ነው፤ ከእግር እስከ ራሱ አቧራ ሆኗል። አልሐምዱሊላህ ብዬ ሳልጨርስ ፊቱን አየሁት። አይስቅም። የልጆቼ አባትም ከሱቁ ውስጥ ወጣ።

"ልጅዎ ደህና ናት፤ ቅቤውም ደርሷል" አለ። "አንድ ነገር ግን አለ። አማቷ በጣም ደስ ስላላቸው፣ ሕፃኑ በእኔ ስም እንዲጠራ ወስነዋል።"

"ማን ትባላለህ?" አለው የልጆቼ አባት።

"ገብረ መስቀል።"

የልጆቼ አባት እጅ ላይ የነበረው መቁጠሪያ፣ ተስቢሁ፣ መሬት ወደቀ። እኔ የውሸቴ ቅጣት ነው ብዬ አፌን ያዝኩ። የሼህ ዘር፣ ገብረ መስቀል ተብሎ ሊጠራ ነው! እንግዳን ማስቀየም ደግሞ አይሆንም።

"ጥሩ... ጥሩ ስም ነው" አልኩ።

ያኔ ሳቁን መያዝ አቃተው።

"እርስዎ ሜዳ ነው ብለው ዳገት አስወጡኝ። እኔም ትንሽ ዳገት ላስወጣዎት ብዬ ነው።"

ጀማል ባጃጁ ላይ ተደፍቶ ሳቀ። የልጆቼ አባትም ተስቢሁን ከመሬት እያነሳ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ሰውየው ስልኩ ላይ የቀረጸውን ቪዲዮ ከፍቶ ሰጠኝ። ፋጡማ ናት፤ ልጇን ታቅፋለች። "እማ፣ አታስቢ፤ በርትቻለሁ። አብሹን እየጠጣሁ ነው። ስሙን ሰኢድ ልንለው ነው" ትላለች። ሰኢድ የሞተው ወንድሜ ስም ነው። አራት ጊዜ አሳየኝ ብዬው አራት ጊዜ አሳየኝ።

ለምን እንዳደረም ነገረን። ሄልሜቱንና ስልኩን ያዩ ሽማግሌዎች የመንገድ መሐንዲስ መስሏቸው ወደ ፈረሰው ድልድይ መልሰው ወስደው አሳዩት። አይደለሁም ቢል ማን ይስማው። "እኔ የመጣሁት መኪና የሌለበት መንገድ ስለምወድ ነው" ሲላቸው አንዱ ሽማግሌ፣ "እንግዲያው አንድ ቀን ምጥ ይዞህ ሞክረው" አሉት። ይህን ሲነግረን አልሳቀም። ከዚያ መሽቷል ብለው፣ ዳቦና ማር አቅርበው አሳደሩት።

"አውፍ በለኝ ልጄ" አልኩት። "ዳገት መሆኑን እያወቅሁ ዋሸሁህ።"

"እኔም አውቄ ነበር እኮ።"

ስልኩ ላይ መንገዱ ከሥር እስከ ጫፍ ሲወጣ አሳየኝ። ገና ሱቄ በር ላይ ቆሞ ሳለ አይቶታል።

"ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?"

"ብስክሌት የገዛሁት ዳገት ልወጣ ነው። ደግሞ እንዲያ አሳምረው ሲዋሹ ማቋረጥ ነውር መሰለኝ።"

አውፍ ብሎኝ ሄደ።

ሰኢድ አሁን ዳዴ ይላል። ድልድዩ እስከ ዛሬ አልተሠራም። ሌሎች ብስክሌተኞች አልፎ አልፎ ይመጣሉ፤ ቃሌን ጠብቄ ዳገት ነው እላቸዋለሁ። እነሱ ጭራሽ ደስ ይላቸዋል፤ እኔም ጨውም ሆነ ሳሙና አስይዛቸዋለሁ።

ለዚያ ሰው ከሶላቴ በኋላ ዱዓ ሳደርግ ግን አንድ ነገር ይቸግረኛል። ገብረ መስቀል እውነተኛ ስሙ ይሁን፣ ለእኔ ብሎ የፈጠረው ይሁን፣ ሳልጠይቀው ቀረሁ። ስለዚህ "ያ ረቢ፣ ያንን ሰው ጠብቅልኝ" እላለሁ። የቱን ሰው እንደሆነ አላህ ያውቃል።