ከሸራው ሥር የነበረው እሳት

ሽንፋ ላይ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። አባቴ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ሰሊጥ ያርሳሉ። ምክር መጠየቅ አይወዱም፤ እኔ ግን ሳልጠየቅም እመክራለሁ። መምህርነት ያስለመደኝ ክፉ አመል ነው።

አምና ጥቅምት ሰሊጥ የሚያራግፉበትን ቦታ ሲያስተካክሉ አንድ የግራር ጉቶ አስቸገራቸው። አልነቀል ቢላቸው አቃጠሉት። በስልክ ሲነግሩኝ፣ ውኃ አርከፍክፈው አፈር እንዲያለብሱት መከርኳቸው። አየር ካጣ ይጠፋል አልኩ፣ እንደ አዋቂ። እንዳልኩት አድርገው፣ በማግስቱ በእግራቸው ረግጠው ቀዝቅዟል አሉኝ።

በእኛ ቆላ የታጨደ ሰሊጥ ሂላ ሆኖ፣ ማለትም ነዶው በነዶው ተደግፎ ቆሞ ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ ጊዜ አይሰጥም፤ ነፋስ ከመጣ ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ ሸራ ይዘረጋና ነዶው እየተዘቀዘቀ ይራገፋል። የዓመቱ ልፋት የሚያርፈው እዚያች ሸራ ላይ ነው።

አባቴ ሊያራግፉ በተዘጋጁበት ዐርብ ጠዋት እኔ ስለ እሳተ ገሞራ አስተምር ነበር። ምድር ከተፈጠረችበት ጊዜ ጀምሮ በሆዷ ያቆየችው ሙቀት እንዳለ፣ በአለቱ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ንጥረ ነገሮችም እየፈረሱ ሙቀት እንደሚጨምሩ፣ ላቫ የሚግለው በዚህ እንደሆነ አስረዳሁ። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ላዩ ጠቁሮ ከጠነከረ ውስጡ ለምን አብሮ አይቀዘቅዝም አለችኝ። ላቫ ሙቀቱን ለአየሩና ለመሬቱ እየሰጠ ከላይ ይቀዘቅዛል፤ ድንጋይ ግን ሙቀት ቶሎ ስለማያሳልፍ ቅርፊቱ ለውስጡ ብርድ ልብስ ይሆንለታል፤ ወፍራም ከሆነ ዓመታት ሊቆይ ይችላል አልኳት።

ብርድ ልብስ ስል የአባቴ ጉቶ ትዝ አለኝ። አፈር ያልብሱት ያልኩት እኔ ነኝ። የእኛ መረሬ አፈር ደግሞ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሥሩ አየር አያጣም።

ብደውል ኔትወርክ የለም። ክፍሉን ለባልደረባዬ ትቼ በባጃጅ እስከ መንገዱ ጫፍ፣ ከዚያ በሩጫ ሄድኩ። ስደርስ ሸራው ተዘርግቷል፤ አባቴ ሠራተኞቹን እየጠበቁ መሐሉ ላይ በጀርባቸው ተጋድመዋል።

«አባባ፣ ቶሎ ይነሡ» አልኳቸው።

«ምነው? ወገቤ እንዴት ደስ እንዳለው ብታውቂ። መሬቱ ፀሐይ ጠጥቶ ሞቋል።»

ቦታው ግን ጥላ ነበር፤ ፀሐይ ገና አልደረሰበትም።

እጃቸውን ይዤ አነሣኋቸው። ሸራውን ስንገልጠው ከታች በኩል መዳፍ የምታህል ቦታ ጠቁራ ተኮማትራለች። አባቴ ዲጂኖ አምጥተው አፈሩን ወጉት። ብረቱ እስከ ግማሹ ሰመጠ፤ በቀዳዳው ሥሩ ቀልቶ ታየን። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቅ መጣብኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ምክር እንደሆነ ነገርኳቸው። አባቴ አልተቆጡም፤ እሳቸውም በእግራቸው ረግጠው ቀዝቅዟል ማለታቸውን አስታወሱኝ።

ሠራተኞቹ ሲመጡ ሸራውን ራቅ አድርገን ዘረጋን፤ ጉቶውንም ቆፍረን ሥሩን እየገለጥን ውኃ አፈሰስንበት። ሲመሽ ሰሊጡ ተራግፎ ጆንያ ውስጥ ገብቷል።

አባቴ ሸራው ላይ የተቃጠለችውን ቦታ ጣፏት። ዘንድሮ ሰሊጡ ሲደርስ አስጠሩኝ። ምክር ሊጠይቁኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። አዲስ ቦታ ጠርገው ሸራውን ዘርግተው ጠበቁኝ።

«በይ፣ መጀመሪያ አንቺ ተኚበት» አሉኝ።

ተኛሁበት። መሬቱ ቀዝቃዛ ነበር።